በእንቅልፍ መከታተያው ወረቀት ጀርባ

ቀጮ፣

ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል ባልዲውን ሞልቼልሻለሁ። ሽርጥሽን ከእኔው ሽርጥ ጋር አጥቤ በረንዳ ላይ አስጥቼዋለሁ። አልተቀየምኩም ለማለት ግን አይደለም።

ትናንት የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ ጠራችኝና፣ «የተኛ ልጅ ደረት ላይ እጅሽን አሳርፈሽ ትንፋሹን ሳታዪ አትፈርሚም» ብላ የእንቅልፍ መከታተያውን ኮፒ እጄ ላይ አስያዘችኝ። በየአስር ደቂቃው መፈረሙ ሲሰለቸኝ የሁሉንም አስቀድሜ እንደምፈርም የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም እዚሁ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ተይ፣ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም» ብላኛለች።

እንግዲህ ማን እንደሆነች አንቺው ታውቂያለሽ።

ማታ ስገባ ስልክሽን ለምን በፊቱ ደፋሽው? ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው «እንዴት ዋልሽ?» ብለሽ በር ላይ የምትቀበይኝ?

ከሁለታችን ተለማማጆች አንዷን ብቻ እንደሚቀጥሩ እኔም አልጠፋኝም። ቢሆንም ፊት ለፊት…

ወረቀቱ ሞላብኝ፣ ገልብጬ ልጨርስ።

እዚህ በኩል የተደረደረው የራሴ ፊርማ ነው። የአሻንጉሊት ዝሆኑን አቅፎ የሚተኛውን ልጅ እናቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደወሰደችው ከታች ፈርማለች። እኔ እስከ ዘጠኝ ድረስ ስድስት ጊዜ «ተኝቷል» ብዬ ፈርሜያለሁ።

ለካ ማንም መናገር አላስፈለገውም።

ሌላ ወረቀት ቤት ውስጥ የለም፣ አውቶቡሱም ሊያመልጠኝ ነው። ሾርባውን ጨርሺው። ከዚያኛው ገጽ ስለ ባልዲው ያለውን ብቻ አንብቢ።