የቀለበት ጣት ዝም ሲል

ጥቅምት 8
ዛሬም ፀጉር ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሸሪኬ በመስታወቱ አየኝና መቀሱን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ግራኝ ፀጉር አስተካካይ ግራ እጁ ከተጎዳ ምን ይባላል? ሥራ ፈት ነዋ።
የመስታወት ስባሪ የበጠሰው ጅማት ተሰፍቷል። የቀለበት ጣቴ ግን እንደ እንጨት ደርቋል። ሐኪሙ «አሠራው» ብሎ የጎማ ኳስ ሰጠኝ። ስጨብጠው እንቅልፌ ይመጣል...

ጥቅምት 11
የእህቴ ልጅ መጣች። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ዩኩሌሌዋን ጭኔ ላይ አኖረችው፤ አራት ክር ያላት ሚጢጢ ጊታር።
«ኳሱን ተወው አጎቴ። በዚህ ተፍታታ።»
እኔና ሙዚቃ? ይሁን እስቲ።

ጥቅምት 15
በቀለበት ጣት ብቻ የምትያዘውን ኮርድ፣ ክሮቹ አብረው የሚሰጡትን ድምፅ፣ ቻልኩ። ዛሬ ሌላ አመጣች። የቀለበት ጣት እንደተጫነ ጠቋሚውን ጎን ያለው ክር ላይ መጨመር። የተንጠለጠለ ኮርድ ይባላል አለች። ድምፁ ሊናገር አፉን ከፍቶ ዝም ያለ ሰው ይመስላል።
«አሁን ጠቋሚውን ብቻ አንሳ።»
ሁለቱም አብረው ተነሡ። ደግሜም ያው።
«አውራ ጣትህን እየው! የማንን ፀጉር ነው የምትከረክመው?»
እውነትም አውራ ጣቴ ከዩኩሌሌዋ እጀታ ኋላ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሳቅኩ። ከተጎዳሁ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 16
ሸሪኬ ደወለ። «ወንበርህ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ልጠብቅህ፤ ከዚያ በላይ አልችልም ወንድሜ።» አልፈርድበትም። ግን ፈራሁ።

ጥቅምት 22
ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ለጀማሪ ሁሉ «የቀለበት ጣት መቀሱን ይዞ ዝም ይበል፣ የሚሠራው አውራ ጣት ነው» እያልኩ የኖርኩት ማን ሆነና? ኮርዱስ የሚፈልገው ይኸው ዝምታ አይደል? እኔ ጣቱ እንዲሮጥ ነበር የማስጨንቀው።
አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። የቀለበት ጣቴን መቀስ እንደያዘ አድርጌ ተጫንኩ። ጠቋሚውን ጨመርኩ... እሱን ብቻ አነሳሁ፤ የቀለበት ጣቴ ቦታው ቀረ። ያ የተንጠለጠለው ድምፅ ቤቱ ገባ።
እፎይ። ደጋግሜ ሰማሁት።

ጥቅምት 29
ፀጉር ቤት ገባሁ። የድሮ ደንበኛዬን «ዳኛውን» ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ በተቆረጡ ቁጥር መስታወት ፊት ፍርድ ስለሚሰጡ ነው እንዲያ የምንላቸው። ፀጉራቸው ጆሯቸውን ውጦታል።
«በሌላ ሰው እጅ አልነካም ብዬ እኮ ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆንኩ» አሉኝ።
ሸሪኬ የተጠረገውን ወለል እንደገና ይጠርጋል። መቀሱን ያዝኩ። ዝም በል አልኩት ጣቴን፣ ዝም ብቻ... ዝም አለ። ከጆሮ በላይ፣ ከዚያ ማጅራት። ስዞር ዳኛው እንደ ድሮው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።
ሸሪኬ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ ስልኩን አወጣና ወንበሩን ለፈለገው ሰው ደወለ።
«ይቅርታ ወንድሜ» ሲል ሰማሁት፣ «ወንበሩ ባለቤት አለው።»