ቅዳሜ እንዲቆረጥ ስለተፈረደበት ጽድ

ይድረስ ለክቡር የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አስዋቢ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ እጅ እነሣለሁ። እኔ በዚህ ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት መቃብር የቆፈርኩትና ዛፍ የተንከባከብኩት፣ የሰፈሩም ሰው «ጉድጓድ» እያለ የሚጠራኝ አገልጋይዎ፣ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የጀመረኝ እርስዎ ግቢውን ማስዋብ በጀመሩ ሰሞን ስለሆነ ከኮሚቴው የሥራ ውጤቶች ጋር ቢመዘገብልኝ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ ዕለት በጸሐፊዎ እጅ የደረሰኝ ባለማኅተም ወረቀት፣ በመቃብሩ ስፍራ የቀረውን አንድ ጽድ እስከ ቅዳሜ ቆርጬ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ እንዳዘጋጅ ያዘኛል። ምክንያቱ «የወፍ ኩስ የምእመናንን ንብረት ስለሚያበላሽ» ነው። ንብረት የተባለው ነጩ መኪናዎ መሆኑን፣ ምእመናን የተባሉትም እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ያለ ብዙ ድካም እንድረዳ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን እስከ ዛሬ ለዋሉልን ውለታ በተራ በተራ ላመስግንዎ።

፩. ሣሩን ስለነቀሉልን። በመቃብሮቹ መካከል ይበቅል የነበረው ሣርና የዱር አበባ ዝርክርክ ነው ተብሎ ተነቅሎ አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈልን። ምንጣፉ ውኃ አይጠጣም፣ አያድግም፣ አይሞትም፤ የማይሞት ነገር ወደ መቃብር ስፍራ በማስገባት ከሊቃውንቱ ሁሉ ቀድመዋል። በአጥሩ ድንጋይ ውስጥ የሚኖሩት ንቦች ግን ይህ ጥበብ ስላልገባቸው ሁለት ሳምንት ያህል አበባ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከርመው ጠፉ። ሻማ ሻጯ እማማ ዛሬም በየጠዋቱ በሳህን ውኃ ያስቀምጡላቸዋል። እንደማይመለሱ ልነግራቸው ወኔ አጣሁ።

፪. እንቁራሪቶቹን ዝም ስላሰኙልን። የመዘምራኑን ልምምድ ይረብሻሉ ተብሎ ከጀርባ ባለው ኩሬ መድኃኒት ፈሰሰበት። አሁን የሚዘምረው ትንኝ ብቻ ነው።

፫. አምና ትልቁን ጽድ ስላስቆረጡልን። ይህን ሳነሣ ጨዋነቴ እንዳያልቅብኝ እፈራለሁ። በላዩ ጎጆ የሠሩት ጉጉቶች ጫጩት እንዳላቸው፣ ሦስት ሳምንት ብንታገሥ በርረው እንደሚወጡ ቢሮዎ ውስጥ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ለመንኩዎ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ታዝዤ ነው ብዬ ራሴን ነጻ አላወጣም። ዛፉ ሲወድቅ ሦስቱን ጫጩቶች ከቅርንጫፉ ሥር ለቅሜ ቀበርኳቸው። እናትየዋ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲመሽ እየመጣች ጉቶው ላይ ትቀመጥ ነበር። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡር ሆይ፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

በዚያው ዓመት ደግሞ «ለአካባቢ ጥበቃ አርአያነት» የምስክር ወረቀት ተሸለምን። እርስዎ ከማመልከቻው ጋር የላኩት ፎቶግራፍ የዚያው ጽድ ነበር፤ ጉጉቷም ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች። ከሥሩ የተዘረዘሩት አርባ አንድ ዓይነት ወፎች እኔ በደብተሬ ስመዘግባቸው የኖርኩ ናቸው፤ ደብተሩንም ለአንድ ቀን ብለው እንደወሰዱት ቀረ። የምስክር ወረቀቱ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያው ጽድ እንጨት በተሠራ ክፈፍ ተሰቅሏል። ዓይንን በጨው ማጠብ ማለት ምን እንደሆነ ልጆቻችን ከመጽሐፍ ከሚማሩት መጥተው ክፈፉን ቢያዩት ይሻላል።

አራት ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ ብዬ ተውኩት።

ትእዛዝዎን በተመለከተ፣ አልቆርጥም። ጉጉቷ ወደቀረው ጽድ ተዛውራ ዘንድሮ ሁለት ጫጩት ፈልፍላለች፤ ገና ላባ አላወጡም። አንድ ጊዜ እጄን ሰጥቼዎታለሁ፣ ሁለተኛ የለም። መጋዙን ዘይት ቀብቼ፣ የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ ከላዩ አድርጌ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ። የምኖርባት የበሩ ክፍል የሥራው እንጂ የእኔ አለመሆኗን ለማስታወስ ሌላ ማኅተም እንዳያባክኑ ዕቃዬን ጠቅልያለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሁለት ጆንያ አለቀ። ቅዳሜ ማለዳ ከጽዱ ሥር ቆሜ ያገኙኛል። እማማም በርጩማቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ እሳቸውን ከተቀመጡበት የሚያስነሣ ኮሚቴ ካለ ማየት እፈልጋለሁ።

ላነጠፉት ፕላስቲክ የማያረጅ ዕድሜ፣ ለነጩ መኪናዎ ወፍ የማይበርበት ሰማይ፣ ለእርስዎም ረጋ ብለው የሚያስቡበት አንድ ቀን ከልቡ የሚመኝልዎ፣

እስከ ማክሰኞ ታዛዥዎ የነበረው፣
ጉድጓድ

ማስታወሻ፦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናትዎ ሲያርፉ ቦታ ያሳየሁዎት እኔ ነበርኩ። «እናቴ ፀሐይ አትወድም፣ ወፍ የሚሰማበት ጥላ ፈልግልኝ» ብለው እያለቀሱ ይህንኑ ጽድ መረጡ። ከቀብሩ ወዲህ ስላላየሁዎ ቦታው ጠፍቶብዎ ይሆናል ብዬ ነው። ከትእዛዝዎ ጋር በተያያዘው የመኪና ማቆሚያ ንድፍ ላይ ለሊቀ መንበሩ ከተከለለው ቦታ ቀጥሎ ያለው መቃብር የእሳቸው ነው። ጽዱ ከተቆረጠ በኋላ ለእናትዎ ጥላ የሚሆናቸው መኪናዎ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ ቶሎ ቶሎ ይምጡ።