ከሰባተኛው ጉድጓድ ስለ ወጣችው ልጄ

ለተከበሩ የቅድመ ግንባታ ቅርስ አሰሳ ቡድን አስተባባሪ
አሶሳ

ሚያዝያ 1995 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ መኪናዎም በመጪው ክረምት በጭቃ አይያዝብዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና አይደለሁም ብል የሚሰማኝ በቤቴ ስለሌለ ደኅንነቱን መርጫለሁ።

አንለይ እባላለሁ። ከባምባሲ መንገድ ገባ ብላ ባለችው፣ ስም ሳይወጣላት በቁጥር በምትጠራው ሰፈራ መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። በ1977 ከወሎ መጥተን ሰፈርን፤ ባለቤቴ ሸዋሉል ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። ባለፈው ጥር፣ በጓሮዬ የእህል መጋዘን ከመሠራቱ በፊት ከሥሩ ቅርስ እንዳይኖር ብላችሁ ሰባት የሙከራ ጉድጓዶች ቆፍራችኋል። ምስጋናዬና ጥቂት ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፣ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ግቢዬ ሰው ሲገባበት ሲወጣበት ሰነበተ። የሜትሩን ጫፍ ይዤላችኋለሁ፣ አፈር ነፍቼላችኋለሁ፣ ውኃ ቀድቼላችኋለሁ። ከመካከላችሁ ስሜን የጠየቀኝ ባይኖርም አባባ መባሉ ራሱ ናፍቆኝ ነበር። ስድስተኛው ጉድጓድ ሲያልቅ ልትሄዱብኝ ነው ብዬ ከፍቶኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቦታውን ታሪክ ለማጣራት ያሳያችሁት ጥንቃቄ አስደንቆኛል። ቅጻችሁ መጠይቁ በነባር ሽማግሌ ብቻ ይሞላል ስለሚል፣ ይህን አፈር ዐሥራ ስምንት ዓመት ያረስሁትን እኔን አልፋችሁ ሼህ ዓብዱልባሲጥን ከመንጌ ድረስ በመኪና አመጣችኋቸው። እሳቸውም ቅን ሰው ናቸውና፣ እዚህ ግቢ ረግጠው እንደማያውቁና እኔን እንድትጠይቁ ነገሯችሁ። መረጃ ሰጪው ትሑት ናቸው ብላችሁ መዘገባችሁ፤ እኔን ግን ሳትጠይቁኝ ቀራችሁ።

ሦስተኛ፣ ሰባተኛው ጉድጓድ። መጋዘኑ ለሚወስደው ግቢዬ ለሚሰጠኝ ምትክ ቦታ ፈርም ተብዬ ወረዳ በተጠራሁበት ቀን ከጓሮዬ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆፈራችሁ። ስመለስ ጉድጓዱ እንጂ እናንተ አልነበራችሁም። እዚያ የነበረችው ልጄ ዘመናይ ናት። በ1978 ተወልዳ፣ ክርስትና ሳትነሣ በሃምሳ ሁለት ቀኗ ወባ ወሰደብን። ያኔ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ለሣጥን የሚሆን ጣውላም አልነበረንም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዐዋጢፍ የበርታ ሴት ናት፤ ለራሷ የሠራችውን ትልቅ ማሰሮ አምጥታ ሰጠችን። ሸዋሉል ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ እዚያ ውስጥ አስተኛቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅ አልሰጠንም። ሸዋሉል እስክታርፍ ድረስ የዓመቱን የመጀመሪያ ማንጎ እዚያ ሳታኖር አትቀምስም ነበር፤ ከእሷ በኋላ እኔ ብቻዬን እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ።

አራተኛ፣ አሶሳ ባዘጋጃችሁት ዐውደ ርእይ ላይ ልጄን በመስታወት ውስጥ አግኝቻታለሁ። የተጻፈላት ወረቀት ያማረ ነው፤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የኖረ የክልሉ ቀደምት ነዋሪ ሕፃን፣ ጥበቡ በጠፋ ማሰሮ የተቀበረ ይላል። አብራኝ የሄደችው ዐዋጢፍ በማሰሮው አፍ ዙሪያ የገዛ አውራ ጣቷን ምልክት አይታ አሳየችኝ። ጥበቡ የጠፋውን ማሰሮ ዛሬም በየገበያው ቀን ትሸጣለች፤ በእርስዎ ቢሮ በረንዳ ላይ ያለው የመጠጥ ውኃ ማሰሮም የእሷ ሥራ ነው። እኔ መስታወቱን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ዘበኛው ከንብረቱ ራቅ እንድል በትሕትና አሳሰበኝ። ራቅ አልሁ። አባትየው በቀበሌው መዝገብ ዛሬም ሰፋሪ ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ስምንት መቶ ዓመት አስቀድማችሁ ነባር ስላደረጋችኋት ግን ውለታችሁን አልረሳም።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። መጋዘኑ ይሠራ፤ መጋዘን የሚጠላ ገበሬ የለም። ግንቦት ሲገባ ወደ ምትክ ቦታዬ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ነገር ግን ከቤተሰቤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናትና ይዣት መሄድ እፈልጋለሁ፤ በአዲሱ ጓሮዬ አጠገቤ ትሁን። ሦስት ጊዜ ቢሮ መጥቼ አስተባባሪው መስክ ናቸው ተብያለሁ። ልጄ ሳትመለስልኝ ከአሁኑ ቤቴ አልወጣም፤ ይህንንም የምለው በታላቅ አክብሮት ነው።

ደጅ በመጥናት የደከመ እግሬን ሰብስቤ፣ ለዕውቀትዎና ለመቆፈሪያዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አንለይ፣ የዘመናይ አባት

ማስታወሻ፦ መስታወታችሁ ኦና እንዳይቀር ወይዘሮ ዐዋጢፍ ያንኑ የመሰለ ማሰሮ ሠርታ፣ አድርቃና ተኩሳ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ስምንት መቶ ዓመት ብላችሁ ብትጽፉበት አንከራከርም። ውስጡ ባዶ ነው፤ ስለዚህ የት ወሰዳችኋት ብሎ የሚመጣባችሁ አባት የለውም።