የመሸበት ሰው ድሃ አይባልም

ታኅሣሥ 4

ሰቆጣ ገበያ ዋልሁ። ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ለፀደይ የፀጉር ቅቤ። ሻጯ "ለማን ነው አባባ?" ብትለኝ "ለራሴ" አልኋት። መላጣዬን አይታ ሳቀች፤ ጨመር አድርጋ ሰጠችኝ። ራሰ በራ መሆን እንዲህም ይጠቅማል።

ስመለስ ከገብረ አምላክ ጋር ነበርሁ። ከዳገቱ ወገብ፣ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ።

"ምነው ገብሬ?"

"የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው።"

እግሩን አየሁ… ኮንጎ ጫማ! "ኮንጎ ጫማ ከመቼ ወዲህ ነው ማሰሪያ ያወጣው?" አልሁት። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ከልጅነታችን ጀምሮ ስሰድበው ኖሬያለሁ። ሰድቤው ዝም ሲል ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። አልጣመኝም።

ታኅሣሥ 6

ለፀደይ ነገርኋት። የልጅ ልጄ፣ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን። "ሐኪሟ" ስላት ትቆጣለች… ውስጥ ውስጡን ግን ደስ ይላታል፤ አውቃታለሁ። ሄዳ አየችው። እግሩ አብጧል፣ ስትጫነው ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀራል አለች።

"ልቡ ሳይሆን አይቀርም አባባ። ሆስፒታል ታይቶ መድኃኒት ካልጀመረ የሚመጣውን ክረምት መዝለቁን እንጃ።"

"እሱስ ምን አለሽ?"

"ብርድ ነው አለኝ።"

ብርድ! በብርድ ተወልዶ በብርድ ያረጀ ሰውዬ!

የጤና መድን መታወቂያውንም ጠይቃዋለች። አላሳደሰም። መዋጮው እስከ ጥር መጨረሻ ይሰበሰባል፤ ያ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ከውጭ ነው። በኪሱ እንዳይታከም ደግሞ… ኪሱን እኔ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 9

ማታ እራት ላይ ስለ መድኑ መዋጮ ከሐኪሟ ጋር ክርክር ገጠምን። ሹሮው በረደ።

"ድሮ ሁሉም እኩል ነበር የሚከፍለው፤ አሁን እንደ አቅሙ ሆነ" ትላለች። "ያለው ይጨምራል፣ ያነሰው ይቀንሳል፣ ጭራሽ ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። ለድሃ ቀለለለት ማለት አይደለም?"

"በወረቀት።"

"በተግባርም እንጂ!"

"እሺ፣ ያለውንና የሌለውን ማን ለየ?"

"ኮሚቴው። መሬቱን፣ ከብቱን እያየ።"

"ገብሬን ምን አለው?"

"መካከለኛ። ፍየሎች አሉት ተብሎ።"

 ሰቆጣ ገበያ በዋልሁ ለት የገብሬን እህት እማዋይሽን አግኝቻት ነበር፤ ከዝቋላ መጥታ። ፍየሎቹ እሷ ዘንድ ናቸው ነው የሚለን። "እንዴት ከረሙ?" ብላት ዓይኗን ሰበረች። "የቱ ፍየል አያ ካሤ? ድርቁ አንድ አላስቀረልንም። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኛል።"

ወረቀቱ ላይ ያሉት ፍየሎች ግን አልሞቱም። ሣርም ውሃም አይፈልጉ… እንዲያውም ሳይወልዱ አይቀሩም።

"ደረጃው ያልተስማማው አቤት ይላል" አለችኝ። "መክፈል ከማይችሉት ውስጥ ይገባል።"

"ምን ተብሎ?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የድሃ ድሃ ተብሎ።"

"በይ ሂጂና ለገብሬ ንገሪው። ዱላ መመከት ትችያለሽ?"

ታኅሣሥ 13

ሄደች! በኋላዋ ቀረሁ፤ ፈሪ ስለሆንሁ አይደለም… እሺ፣ ስለሆንሁ ነው።

በዱላ አልመታትም። ወተት አጠጣት። ከዚያ "ልጄ፣ ይህ ቃል በስሜ ላይ ከሚነሣ አፈር ልብላ" አላት። "ደጄን ታውቂያለሽ" አላት።

ማን የማያውቀው። ወደ አምደወርቅ የሚወጣ እግረኛ፣ ሲመሽበት የሚያንኳኳው የገብሬን በር ነው። በቅሎ የጫነ ነጋዴም፣ ባዶ እጁን የመጣ ተማሪም እዚያች ቤት አድሯል። እሱ መደብ ላይ ተኝቶ አልጋውን ለማያውቀው ሰው ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮራሁበት። በዱላ ራሱን ልለውም አማረኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከቅዳሴ በኋላ ትእዛዙ፣ ባለ ወፍጮው፣ ተቆጥቶ ቆየን። የመዋጮ ደረጃው ከፍ ብሎበታል።

"እኔ ታምሜ አላውቅ! ለምን ለሰው በሽታ እከፍላለሁ?"

"ለቅሬ ትከፍላለህ?" አልሁት።

"እከፍላለሁ እንጂ! ስሞት ማን ሊቀብረኝ?"

"ስንት ዘመን ከፈልህ?"

"ሚስት ካገባሁ ጀምሮ።"

"እና አንድ ቀን እንኳ ሞተህ ታውቃለህ?"

ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ትእዛዙ ወፍጮውን ሊያይ ሄደ። ወፍጮው ግን በበዓል አይፈጭም።

እንዳሾፍሁ ተመለስሁ፤ ነገሩ ግን አልለቅ አለኝ። ለሞት ስናዋጣ አናፍርም። ለመዳን ሲሆን ምን ነካን? ቅሬ ላይ የሌለው እንጨት ያመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፤ ማንም ድሃ አይለው። ታዲያ ክፉው መዋጮው ነው ወይስ ቃሉ?

ታኅሣሥ 24

ገብሬ ቤት ዋልሁ። ትራሱን ከፍ አድርጎ ተቀምጦ ነው የሚተኛው አሁን። ተጋድሞ ማደር አቃተው። ስለ መድኑ አንዲት ቃል አላነሣሁም። ነገርን ከጓሮ በር ነው ማስገባት።

"ገብሬ፣ ያ በዝናብ የመጣው ዳኛ ትዝ ይልሃል?"

"ኮቱን እሳት የበላው? እንዴት እረሳዋለሁ!"

"ምን ብሎ ነበር ያንኳኳው?"

"ምን ይላል? 'የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ' አለ።"

"ድሃ መስሎህ አስገባኸው?"

"ዳኛ እያልሁህ! የመሸበት ሰው ምን ድሃ ይባላል? ለማንስ አይመሽም?"

ዋንጫዬን አስቀመጥሁ። "ደግመህ በለው" አልሁት።

"ደነቆርህ እንዴ? ለማንስ አይመሽም አልሁ።"

ሰውዬው መድኃኒቱ በአፉ ነው፤ አላወቀውም። እኔም አልነገርሁት። እየዘፈንሁ ወረድሁ። ዘፈኔን የሰማ ውሻ ጮኸብኝ።

ጥር 15

ስብሰባ ነበር። 

ሊቀመንበራችን ምሳው አዲሱን አሠራር አነበበ። አልሰማሁትም። ገብሬን ነው የማየው፤ ከኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ። ከቤቱ እዚያ ድረስ መምጣቱም ጉድ ነው። ሰው ችግሩን እንዳይጠረጥርበት ነው የመጣው።

"እንግዲህ መክፈል የማይችሉ፣ የድሃ ድሃ የሆኑትን ሕዝቡ ይጠቁም" አለ ምሳው።

ጭጭ። ማን የጎረቤቱን ስም ያነሣል? ማንስ የራሱን? አምናም እንዲሁ ጭጭ ተብሎ፣ ኮሚቴው የመሰለውን ጽፎ ተበተነ።

ተነሣሁ። ፀደይ ከፊት ሆና "አባባ፣ በማርያም!" በሚል ዓይን አየችኝ።

"ምሳው፣ ይህች ቃል ትነሣልን።"

"የትኛዋ አያ ካሤ?"

"አንድ ድሃ አንሶ በላዩ ሌላ ድሃ የምትጭነው።"

ሳቁ። ምሳውም ሳቀ። "ቃሉ የመመሪያ ነው፣ እኛ አልፈጠርነውም።"

"የመመሪያው እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ። በአፋችን የራሳችን ቃል አለን። ሰው መንገድ ቢመሽበት ምን ይላል? የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይላል። የቤቱ ጌታስ?"

"ቤት ለእንግዳ!" አሉ ሴቶቹ።

"ከብቱን ይቆጥርበታል?"

"አይቆጥርም!"

"እንግዲያው እኔ ልጀምር። መሽቶብኛል!"

ተንጫጩ። ፀደይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ አላስቻላትም። "አባባ! እርስዎ ሁለት በሬ አለዎት! የእርስዎ ገና ቀትር ነው!"

"ቀትርማ ለበሬዎቹ…"

"ይቀመጡ!"

ተቀመጥሁ። የፈለግሁት ሳቁን ነበር፤ አገኘሁት።

ሳቁ ሳይበርድ ለተሥላሴ ተነሣች፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገዋ። "እኔ ግን የእውነት መሽቶብኛል" አለች። ሳቁ ቀጥ። ለአፍታ ፈራሁ… አበላሸሁት ይሆን? ከዚያ ሰዉ በአንድ ድምፅ፦

"ቤት ለእንግዳ!"

ሌላ ሰው ተነሣ። ሌላም። ሁሉንም "ቤት ለእንግዳ!" እያልን ተቀበልን። ወደ አጥሩ አላየሁም። ሆን ብዬ ነው። ካየሁት ይቀመጣል፤ አውቀዋለሁ።

ዱላ መሬት ሲመታ ሰማሁ።

"ፍየሎቼ…" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ፍየሎቼ ዝቋላ አልቀዋል። በደጄ ስንቱ አድሯል… ዛሬ ለእኔ መሽቷል።"

 ሰው ሁሉ ነው ከመቀመጫው ብድግ ያለው። ትእዛዙ ሳይቀር። እንግዳ ሲገባ እንደሚነሡት። ከዚያ ነው "ቤት ለእንግዳ!" ያሉት።

ቃል አጥቼ አላውቅም። ከቅኔ ቤት የተባረርሁት እንኳ ቃል በዝቶብኝ ነው። ዛሬ አጣሁ።

ኮራሁ። እንዴት ያለ ሰው ነው ጓደኛዬ… እንዴት ያለ ሰው ነው ያለን!

ጥር 16

ዛሬ ማንንም አልሰደብሁም። ፀደይ ትኩሳት አለዎት ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

የካቲት 8

መታወቂያው ደረሰ። በባጃጅ ሰቆጣ ሆስፒታል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ለገብሬ "ምን ልርዳዎት አባቴ?" ብትለው፣ መታወቂያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሙሉ ድምፁ "መሽቶብኛል!" አላት።

ሰዓቷን አየች። "ኧረ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው አባቴ!"

አግዳሚው ላይ ተደፋሁ። ገብሬም ሳቀ፤ እየሳለ፣ እየታነቀ ሳቀ። ልጅቱ ግራ ገባት፤ ስናስረዳት ጓደኞቿን ጠራች። ተሰብስበው መጥተው አዩት። እንደ ሙሽራ ተኮፈሰ።

ፀደይ እንዳለችው ልቡ ነው። ክኒን ተሰጠው፣ ጨው ቀንስ ተባለ። ስንወጣ ከፋርማሲው ደጅ ቆሞ ቀረ። "ካሤ፣ ክፈል ያለኝ የለም። ማንም ደግሞ ዝቅ አድርጎ አላየኝም።" 

ሐኪሟ ልክ ነበረች። አልነግራትም፤ ታብጥብኛለች።

ሚያዝያ 11

ነገርኋት! ግን በክርክር መሐል ነው ያመለጠኝ። ከክኒኖቹ አንዱ ጤና ጣቢያ የለም ተብሎ ገብሬ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛ። የባጃጁንም መድኑ አይከፍልም።

"መድን አለ፣ መድኃኒት የለም!" አልኋት። "ይሄ ነው ለድሃ የቀለለው?"

ትከራከረኛለች ብዬ ምላሴን ሳልሁ። "እውነትዎን ነው" አለች። ብቻ። ከተከራካሪ ሰው ይልቅ እውነትዎን ነው የሚል ሰው ያስደነግጣል። ያኔ ነው "በገብሬ ልብ ግን አንቺ ልክ ነበርሽ" ብዬ የደነበርሁት።

ሚያዝያ 27

ወረዳ ስብሰባ ላይ ፀደይ በትልልቆቹ ፊት ተነሥታ ተናገረች አሉ። "ሰዉ መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱን ካላገኘ፣ በሩን ከፍተን እራት እንደመከልከል ነው" ብላ። ምሳው ነው የነገረኝ። ክኒኑ በሳምንቱ መጣ። ሁሌ ይኖራል ወይ? እናያለን…

ከማን ተማረችው ይሄንን አነጋገር? እንጃ። ሰፈሩን ሁሉ እየዞርሁ "ከማን ተማረችው ይሆን?" እያልሁ ጠየቅሁ።

ነሐሴ 17

ሻደይ። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ ገብሬ ደጅ መጡ። ክረምቱን ዘለቀ ሰውዬው። ወጥቶ እስክስታ ካልወረድሁ አለ፤ ፀደይ በዓይኗ አስቀመጠችው።

ጥር 18

ዓመት ዞረ። ዛሬ መዋጮ ስብሰባ። ምሳው መመሪያውን ሲያነብ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ "የመሸባቸው" ብሎ አነበባት። ወረቀቱ ላይ ግን ያው አሮጌዋ ናት። አየኋት።

ገብሬ ተነሣ። ዱላውን አጥሩ ላይ ትቶ።

"ዘንድሮ ቀፎዎቼ ሰጥተዋል። እማዋይሽም ግልገል አርብታለች። ነግቶልኛል። ስሜን ከፋዮቹ ውስጥ ጻፉ፤ የእኔን ቦታ ለሚመሽበት ስጡ።" ከዚያ እጁን ዘረጋ። እንግዳ ሲሄድ ይመርቃል፤ እሱም መረቀ። "ያሳደራችሁኝ፣ ደጃችሁ አይዘጋ!"

"አሜን!"

"ቁርሱን ሳይበላ እንዳትለቁት!" ብዬ ጮኽሁ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አለዚያ ላለቅስ ነው።

ፀደይ ስንወጣ ክንዴን ያዘች። "አሁንስ አመኑ አባባ? ለድሃ ቀሏል?"

"ግማሹን አምኛለሁ። መዋጮውን እናንተ አቀለላችሁት። ቃሉን ግን እኛ።"

"ቀሪው ግማሽስ?"

"ክኒኑ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሲከርም።"

"ይመዝገብልኝ" ብላ ሳቀች፤ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔና ገብሬ ዳገቱን ያዝነው። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ጋ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አለፋት! ሳያያትም አለፈ። እኔን ጉልበቴን ያዘኝ። ቁጭ አልሁባት… ጥሩ ድንጋይ ናት ለካ።

ከላይ ዞር አለ። "ምነው ካሤ፣ መሸብህ እንዴ?"

"የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው!"

ተራራው እስኪመልስለት ጮኸ፦ "ኮንጎ ጫማ ከመቼ ወዲህ ነው ማሰሪያ ያወጣው?"