መልቀቂያ በሦስት ኮርድ

ሰኞ

ዛሬም አልፈረሙልኝም። "ሂሩትዬ፣ ምትክ ሳይመጣ እንዴት ብዬ ልልቀቅሽ?" አሉኝ አለቃዬ አቶ ደምሴ። እንዲህ ሲሉኝ ይሄ ሦስተኛቸው ነው።

መዝገብ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ። የሚዛን ከተማን ሰው ፋይል አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ጅማ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ መልቀቂያ ካላመጣሁ ግን አይቀጥሩኝም። የደብዳቤውን ፎቶ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላኪ ብለውኛል። ካልላክሁ ለተጠባባቂው ይሰጡታል።

ጣሪያው ላይ ዝናብ። ግድግዳው ላይ ሻጋታ። ፋይል፣ ፋይል፣ ፋይል። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ሆኖም በገዛ ማስታወሻዬ ውስጥ እንኳ አንቱ እላቸዋለሁ።

ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ልምምድ። ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያናችን ድራም መቺ ነው። ጀማል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ በየሰርጉ ኦርጋን የሚጫወት። እኔ ጊታርና ጩኸት። የመዘምራን አዳራሹ ቁልፍ ማቴዎስ ጋ ስለሆነ እዚያ እንለማመዳለን፤ ሌላ ድራም የት ይገኛል? ሽማግሌዎቹ መዝሙር የምናጠና ይመስላቸዋል። አልዋሸናቸውም፤ አልጠየቁንም።

ፓንክ የሚባለው የጩኸት ሙዚቃ የደረሰን በፍላሽ ነው፤ የማቴዎስ የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ ይዞት መጣ። ከዚያ እኔ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። አባቶቻችን ወጣት በነበሩበት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሥራ ያጡ ልጆች፣ ገና በወጉ መጫወት ሳይችሉ ሦስት ኮርድ፣ ሦስት የጊታር አያያዝ ብቻ ይዘው መድረክ ወጡ። ማን ፈቀደላቸው? ማንም። ይሄን ሳነብ ቀናሁ። እኔ ለሁሉም ነገር ፈቃድ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ቆየት ብሎ ደግሞ ኒው ዌቭ የሚሉት ስልት መጣ፤ ኪቦርድ ገባበት፣ ንዴቱ ሳይጠፋ የሚጨፈርበት ሆነ። ጀማል "የኔ ወገን ይሄኛው ነው" ይላል። ኦርጋኑ ላይ የሰርግ ምት ካልከፈተ ግን ጣቱ አይፈታም። ተጨቃጨቅን።

አዲሱ ዘፈናችን "መልቀቂያ" ይባላል።

ወንበሩ በላኝ፣ ይፈርሙልኝ!
ሻጋታው ወረሰኝ፣ ይፈርሙልኝ!

ማቴዎስ ሳቀብኝ፤ "ፓንክ ደግሞ እንዲህ ጨዋ ነው እንዴ?" በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ከዚህ በላይ አልችልም።

ረቡዕ



መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። አዳራሽ እንደገባን መጥቶ ይሆናል ብዬ ያገኘሁትን ማብሪያ ሁሉ ተጫንኩ። አልመጣም። እንዲሁ ጀመርን፤ ድራምና ጉሮሮ ብቻ። ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት መጣ! ኦርጋኑ ጮኸ፣ ማይኩ ነቃ፣ ሦስታችንም እልል አልን። ድምፄ እንደዚያ ገዝፎ ሰምቼው አላውቅም። በቃ ለቀቅሁት። "ጋሽ ደምሴ ይፈርሙልኝ! መልቀቂያ! መልቀቂያ!"

የጀማል ስልክ ጠራ። አባቱ ናቸው። "ልጄ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? ገበያው እኮ ቆሞ እየሰማችሁ ነው።"

ከነካካኋቸው ማብሪያዎች አንዱ የጣሪያው ድምፅ ማጉያ ነበር። ለቅሶና ጸሎት የሚታወጅበት።

ሐሙስ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማቴዎስ ማብሪያውን ሳላጠፋ የተውኩት እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ቁልፉን ቀሙት፣ ለሁለት ወር ድራም እንዳይነካ ተባለ። ሮጬ ሄጄ "እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እንግዲያው ሁለታችሁም" አሉኝ። ቁልፉን አልመለሱለትም።

የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሲያየኝ "መልቀቂያ" እያለ አንጎራጎረ። የባጃጅ ሹፌሩም። አቶ ደምሴ ቢሮ አልገቡም። አፈርኩ። ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አርብ

አቶ ደምሴ በር ዘግተው አስቀመጡኝ። "ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ባለቤቴ የሰው ልጅ አስረህ እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ከሄድሽ እኮ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለኝም።"

ሦስቴ ስለምናቸው ይሄን አንዴም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ክፋት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። "ታዲያ ጽፌ ላስረክብዎት" አልኩ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቀና ሳልል ጻፍኩ። የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ሳጥን፣ የትኛው ፋይል በስህተት በማን ስም እንደተቀመጠ። አነበቡት፣ ፈረሙ።

የማህተም ያዥዋ ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ቴፒ ስብሰባ ሄደዋል። ማህተሙም በቦርሳቸው አብሯቸው ሄዷል። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ቴፒ። ደብዳቤውን ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። የስብሰባው በር ላይ ቆምኩ። የሻይ ሰዓት ደረሰ።

ወይዘሮ ብዙነሽ "የጮህሽው አንቺ ነሽ? ወሬሽ እዚህ ድረስ መጥቷል" አሉኝ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፣ ማህተሙን በትንፋሻቸው አሞቁት፣ አሳረፉት። አራት ዓመት በዚህች ማህተም አለቀ።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ስልክ ኔትወርኩ ሁለቴ መለሰብኝ። በሦስተኛው ሄደ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ። "ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። ሌላ ቃል የለውም። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ከማቴዎስ የድምፅ መልእክት። ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ባዶ ጀሪካን ገልብጦ የ"መልቀቂያ"ን ምት ይመታል፣ ጀማል በአፉ ኦርጋን ይሆንለታል። "ከድራሙ አይሻልም?" ይላል በመጨረሻ። ይሻላል አልኩት። እውነቴን ነው፣ ይሻላል። እሱ ግን ቁልፉን በኔ እጅ ጥፋት ነው ያጣው፣ እኔ ደግሞ ልሄድ ነው።

አሁን ቴፒ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤው ጭኔ ላይ ነው። ረዳቱ "ሚዛን! ሚዛን!" እያለ ይጣራል። ካልሞላ አይነሳም፤ ሦስት ሰው ይጎድለናል።