ለሐኪሟ ራሴን ያመኛል ያልኩ ቀን

እማዬ፣ የኔ ሆደ ሰፊ፣

ካንቺ ከተለየሁ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው። ያሳደግሻት ልጄ ሺራ በቁመት በልጣኛለች፤ ያንቺን አልጋም ወርሳዋለች።

ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። የወር አበባዬ ሲያሰኘው ሦስት ወር ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። በዚያ ላይ ወፈርኩልሽ! ምግብ ሳልጨምር የሥራ ልብሴ አልዘጋ አለኝ። ቤኤር ቱቪያ ባለው ፋብሪካ ዕቃ አብረውኝ የሚያሽጉት ሴቶች ተመቸሽ እያሉ ያሾፉብኛል። ገዴራ ያለችው እህትሽማ በሰላም ይገላግልሽ ብላ መርቃኝ ቁጭ አለች። እርግዝና አለመሆኑን ግን ተመርምሬ አውቄያለሁ። ምን እንደፈራሁ ላንቺ አይነገርም።

ቋራ ሳለን አፍሽን ሳትከፍቺ ሰው ያውቅልሽ ነበር። በወር አበባሽ ጊዜ የመርገም ጎጆ ገብተሽ ከወትሮው ከቆየሽ፣ ምግብ የሚያቀብሉሽ ሴቶች ምን ሆነሽ ነው ይሉሻል። እዚህ ጎጆው የለም። ስንት ወር ሙሉ ደም ሲፈስሽ ማን ይይልሽ? ለሐኪም ጨጓራዬን ነው እያልሽ ኖርሽ። ማሕፀንሽ መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ አልቆ ነበር። ያናድደኛል እማዬ፣ እስካሁን ያናድደኛል!

እኛ ከተማ ቅርያት መላኺ ሰው ሁሉ ያውቀኛል ብዬ ለሐኪም ሌላ ከተማ፣ ያቭነ ድረስ ሄድኩ። ሐኪሟ ሴት ናት። ዕብራይስጡም አላነሰኝም። ምንሽን ነው ስትለኝ ግን ራሴን ያመኛል አልኩ። እንዳንቺው! ክኒን አዘዘችልኝ፣ ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ተነሣሁ። በሩን ከፈትኩ። አሁን ከወጣሁ ሺራም እንደኔ እናት አልባ ልትቀር ነው አልኩና ተመልሼ ቁጭ። ደሙንም፣ ውፍረቱንም፣ ያንቺንም ሞት ዘረገፍኩት። ፊቴ እሳት ሆነ። እሷን ግን ምንም አልደነቃትም። አንገትሽ ላይ ያለው ዕጢ ሰንፎ ያወፈረሽም ደሙን ያዛባውም እሱ ሊሆን ይችላል፣ የእናትሽን ከሰማሁ በኋላ ግን ማሕፀንሽን ሳላስመረምር አልለቅሽም አለች። ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ከማሕፀኔም ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ ገና ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እነሱ ናቸው ብዬ እሮጣለሁ።

ሺራ አያቴ በምን ሞተች ስትለኝ ሆዷን አሟት ነበር የምላት። ትናንት ሁሉንም በስሙ ጠርቼ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የሷም የወር አበባ ከፋሲካ ወዲህ እንደጀመረ ነገረችኝ። ደብቃኝ ኖሯል፣ የኔው ልጅ!

አልረሳሽም እማዬ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ እናትሽ በምን ሞተች፣ አያትሽ በምን ሞተች ላለን ሁሉ ያንቺን ስምና ያንቺን በሽታ ቀና ብለን እንናገራለን።