ሳልጠይቅህ የቀረሁት

አለሜ፣ የትዕግሥት አባት፣

ከቀበርንህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለሰው ለፍልፌ አልወጣልኝ ቢል ይኸው ወረቀት አወጣሁ። መቼም አሁን «እረፊ አንቺ ሴትዮ» አትለኝም።

ቤቱ ደህና ነው። የኩሽናው ቆርቆሮ በነፋስ ተነቅሎ አስመታሁት። ከመስኮቱ ሥር የተከልሃት ማንጎ ዘንድሮ አፈራች፤ ግማሹን ወፍ ቀደመኝ። ሳይክልህን አልሸጥሁትም። መንዳቱስ አልሆነልኝም፤ ጤፍ ጭኜበት ከገበያ እየገፋሁት ስመጣ ሰፈሩ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስቄ ስገባ ግን የምነግረው የለም። ይኼ ነው የሚገድለኝ።

ከሰፈራው በረሃ የተመለስህበትን ሰሞን ታስታውሳለህ? አንተን መምህሩን ሰፋሪ መዝግብ ብለው ላኩህ፤ በስድስት ወርህ አጥንትህ ወጥቶ መጣህ። እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ስጠራህ «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ከእንግዲህ አላምንም» አልኸኝ። እኔም የውይይት ክበቡ ነው፣ ካድሬዎቹ ናቸው ባሌን ያበላሹብኝ አልሁ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም። አንተ አፍህን ስትከፍት እኔ በጥቅስ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ያ ጅልነቴ መጣ፤ ከደሴቱ ገዳም በታንኳ ያስመጣሁትን ጠበል እየደበቅሁ ሻይህን አፈላበት ጀመር። አንተ ፉት ትላለህ፤ እኔ በጓዳው በር እያየሁ «ዛሬ ይመለስ ይሆን?» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ሕመምህ ሲጠና ያናዝዙልኛል ብዬ የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። እሳቸው መስቀላቸውን እንኳ አላወጡም። በርጩማ ስበው አጠገብህ ተቀመጡና «ልጄ፣ ምን አገኘህ?» አሉህ። እኔ ጣልቃ ልገባ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

ያን ቀን ነው የሰማሁት። በሰፈራው እናት አባቷን ያጣች፣ ወባ የያዛት ሕፃን ጣትህን አልለቅ ብላህ ሦስት ቀን ፈጣሪን እንደለመንህላት። በሸሚዝህ ገንዘህ እንደቀበርሃት። «ለመንሁት አባ፤ ዝም አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማነጋግረው አጣሁ» አልህ። አባ አልተከራከሩህም፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። ሊወጡ ሲነሡ ደግሞ ፈገግ ብለህ «ባለቤቴ ሻዬን በጠበል ታፈላዋለች። ደለል ደለል ይላል፤ ደስ እንዲላት እጠጣዋለሁ» አልሃቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረን አራት ቀን ነበር። እኔ ልሰማህ ስቀመጥ ያንተ ድምፅ አልቆ ነበር።

በቀብርህ ዕለት የዕድር ሰዎች «ተናዞ ነው የሞተው?» እያሉ አባን ያዟቸው። እኔ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው «ልቡን ሰጥቶኛል፤ ሌላ ምን እሻለሁ?» ብለው ፊት ፊት ሄዱ። ፍትሐቱንም ራሳቸው አደረሱ።

ባለፈው ሳምንት ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጣች። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ ስንበላ «እማዬ፣ እንዳትቆጪኝ፤ እኔም እንደ አባባ መጸለይ ትቻለሁ» አለችኝ። ጥቅሱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ከነአጥንቱ ዋጥሁት። «ምን ሆንሽብኝ ልጄ?» አልኋት። አለቀሰች፤ ተናገረች፤ ጀንበሯ እስክትጠልቅ ተናገረች። የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም፤ የራሷ ነው። እኔ እንደሁ አሁንም አምናለሁ፤ ለሷም ላንተም እጸልያለሁ። ልጄ ስለነገረችኝ ግን ደስታዬ ልክ አጣ። ወዲያው ደግሞ አንተ ትዝ አልኸኝና አንጀቴ ተቆረጠ።

ሰው ሲጠይቀኝ «በመጨረሻው አመነ» እያልሁ አላሳምርህም። አላመነም፣ ደግ ሰው ነበር፣ እኔም አልሰማሁትም እላለሁ። እስክሞት የማስታውስህ እንደ ነበርህ ነው።

ባለቤትህ
ዘነበች